ለምራቂ የሄደው ድንጋይ

ድንጋይ ይሸታል ስላት ልጄ ትስቅብኛለች። ይሸታል እንጂ! የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ ሲል የሚነሣውን፣ እርጥብ አፈርም የዛገ ብረትም የሚመስለውን ሽታ ነው የምለው። ባለፈው ክረምት መቀሌ ሓድነት ሰፈር ያለው ቤታችን ጓሮ ያለችውን ክፍል አጽድቼ ለተማሪ ላከራይ ብዬ የሟቹን አጎቴን የድንጋይ ጆንያዎች እየጎተትኩ ሳወጣ፣ አንዱን ድንጋይ ለሙከራ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከርኩትና ያ ሽታ ተነሣ፤ እኔም ጸጉሬ የሸበተ መምህርት መሆኔን ረስቼ ድንጋዩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ልልሰው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ልወቅስ ነው፣ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

ጆንያዎቹ ውስጥ ያለው አጌት የሚባል ድንጋይ ነው። ከላዩ አመድማና ሻካራ፣ ማሳ ላይ ተረስቶ የደረቀ ድንች ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ቀይ፣ ነጭ፣ አንዳንዴም የማር ቀለም ያለው፣ መስመር በመስመር የተደራረበ ነው። በውጭ አገር ይህን ጥሬ ድንጋይ እየገዙ ጓሯቸው ባለች ክፍል ውስጥ በማሽን ሲቆርጡና ሲያለሰልሱ መዋል እንደ ሱስ የያዛቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ እንጀራቸው ሆኖ ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ ነው የሚሠሩት። አጎቴ አኮይ ኃይሉ ዕድሜውን ለእነዚህ ሰዎች ድንጋይ ሲልክ ኖሮ፣ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ አረፈ፤ ሳይሸጥ የተረፈው ሁሉ በእኔ እጅ ቀረ። ልጄ ፎቶ አንሥታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው፣ እኔ ዋጋ አወጣሁለት፣ ማሸጊያ ካርቶን ፍለጋ ደግሞ መንገዱን ተሻግሬ ለታይ ሱቅ ሄድኩ። ለታይ ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። ከመይ ኣለኺ፣ ደሓን ዶ እንባባላለን፣ ባዶ ካርቶን ካላት እንዲያው ትሰጠኛለች፣ አመስግኜ እወጣለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ነገር ይኸው ነበር።

አኮይ የምለው በትግርኛችን የእናቴ ወንድም ስለሆነ ነው፤ በሥራው ግን አባቴ ነበር። የወለደኝ አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ መቀሌ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ተቀይሬ ልሂድና ቤት ይዤ አስመጣችኋለሁ ብሎ እናቴን አሳምኖ ሄደ፣ ይኸው እስካሁን ቤት እየፈለገ ነው። ከእሱ የቀረኝ አማርኛው ብቻ ነው፤ እሱንም እያስተማርኩ ስለምበላበት አልረግመውም። አኮይ ግን ጫማ ገዝቶ፣ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ ወላጅ ይምጣ በተባለ ቁጥር የሥራ ልብሱን ሳይቀይር እየሮጠ መጥቶ፣ ጓለይ፣ ማለትም ልጄ፣ እያለ አሳደገኝ። የለታይ አባት ግንበኛ ነበር፤ አመሻሽ ላይ በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኖ ሲመጣ ለታይ ሮጣ ትከሻው ላይ ትወጣለች፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ እያየሁ እቀና ነበር። አኮይ ያን ቅናቴን አይቶ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ምንም ሳይናገር አንሥቶ እሱም ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ቢዋሽ አኮይ አይዋሽም ብዬ አመንኩ።

አኮይ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሹፌር ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ኢንጂነር ከከተማው ወጣ ብሎ ከቁሓ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ መኪና አስቁሞ ድንጋይ እየለቀመ ኪሱን ሲሞላ አኮይ አይቶ፣ መጀመሪያ ፀሐይ መትቶት ነው ብሎ ውሃ አጠጣው። ኢንጂነሩ አገሩ ሲገባ ወዳጆቹ ከተረፋችሁ ላኩልን አሉ፤ አኮይም በየእረፍቱ እየለቀመ፣ ቆንጆ ቆንጆውን ለራሱ እያስቀረ፣ ትርፉን መላክ ጀመረ። ቤቱም አጥሩም ድንጋይ በሆነ ከተማ ውስጥ ድንጋይ የሚሸጥ ሰው መነጋገሪያ መሆኑ አይቀርም። ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ድንጋዩን ታቅፎ መጣ፤ አንዲቷ የወፍጮዋን መጅ፣ ሌላው የበሩን መደገፊያ። አኮይ ማንንም አላሳፈረም፤ እያንዳንዱን እያገላበጠ አይቶ፣ ይሄ ለእነሱ አይገባቸውም፣ ለእኛ ነው የሚሆነው እያለ በክብር መለሰላቸው። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድንጋይ መሆኑን ሲሰማ ባልደረቦቹን ጠርቶ፣ እነሱ አገር ድንጋይ የለም እንዴ ብሎ ሳቀበት። አለ፣ የእኛ ግን ምራቂ አለው አለ አኮይ።

ዋጋ የሚወጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፈን፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔና ለታይ መሬት ላይ ተቀምጠን ድንጋዩን በሦስት ክምር እንለየዋለን፤ ስማቸውም ድንች፣ እንቁላልና መስኮት ነበር። ድንችና እንቁላል እንደ መጠናቸው በኪሎ ይሸጣሉ፤ መስኮት የምንለው አንድ ጎኑ ተሸርፎ ውስጡ የሚታየውን ነው፣ እሱ አንድ በአንድ ዋጋ ይወጣለታል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ አጌት ሲረጥብ ቀለሙ ደምቆ ዓይን ያታልላል፣ ሲደርቅ ይደበዝዛል። እኛ ልጆቹ ቀለሙን ለማየት ድንጋዩን እንልሰው ነበር፤ ለታይማ ምላሷ እስኪሻክር ትልስና ይሄ ብዙ ብር ያወጣል ብላ ትፈርዳለች። አኮይ ግን ድንጋዩን ከእጇ ተቀብሎ፣ በኮቱ እጅጌ ጠርጎ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እስኪደርቅ ይጠብቃል። እርጥብ ድንጋይ የሠርጓ ዕለት እንዳለች ሙሽራ ነው፣ ሰው ሚስቱን የሚያውቃት በበነጋው ነው ይል ነበር፤ እሱ ራሱ ሚስት አግብቶ አያውቅም። ፎቶ ሲያስነሣ በደረቁ፣ ዋጋ ሲጽፍላቸው በደረቁ። አይቷቸው የማያውቃቸው ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እንዳይታለሉ ይህን ያህል ይጨነቅ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ማሸጉም ሥርዓት ነበረው። ድንጋዩ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ አንድ በአንድ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ ይደረደራል፣ የእንጨት ሳጥኑ አቡጀዴ ይለብስና አኮይ በጆንያ መርፌ ዙሪያውን ይሰፋዋል፤ እኔ ጨርቁን ወጥሬ እይዛለሁ፣ ለታይ ክሩን በሰም ታሻለች። ስፌቱ ላይ የሚንጠባጠበው ቀይ ሰም ሽታ፣ የአዲስ አቡጀዴ ሽታና የአኮይ የናፍጣ ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ማለት እሱ ነው ለእኔ። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ግን ምራቂ ይገባል። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ ሁለት ራስ በነፃ እንደምትጨምረው፣ አኮይም ዋጋ ያልተጠየቀበት አንድ ድንጋይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መሃል ላይ ያኖራል። ምራቂ የሌለው ዕቃ ደንበኛ አይመልስም ባይ ነበር። ምራቂውን ከእንቁላሎቹ መሃል የምንመርጠው እኔና ለታይ ነን፤ ስንመርጥ ደግሞ አገረ ገዥ የምንሾም ነበር የምንመስለው።

ጥለት ያልነውን ድንጋይ ያገኘነው በለስ በሚበላበት ሰሞን ነው። አኮይ በመኪናው ቁሓ ሜዳ ላይ አውርዶን፣ ከንፈራችን በበለስ እሾህ ተወጋግቶ፣ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በወሰደበት ቦረቦር ውስጥ ስንርመሰመስ ሁለታችንም እኩል አየነው፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ የለም እኔ ነኝ ተባብለን ተጓተትንበት። ለታይ የግንበኛ ልጅ አይደለች፣ በሌላ ድንጋይ አንዴ ብቻ መትታ ጫፉን ሸረፈችውና ነጭ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ ልክ የነጠላ ጥለት። አንዷ ቀይ መስመር መሃል ላይ ተቋርጣ፣ ትንሽ አለፍ ብላ ትቀጥላለች። ሸማኔው እንቅልፍ ጥሎት ነው ብላ ለታይ ስትናገር መሬት ላይ እስክንንከባለል ሳቅን፤ ያን ዕለት ስሙ ጥለት ሆነ። አኮይ ተቀብሎ በእጅጌው ጠረገው። ከዚያም ይሄ አይሸጥም፣ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርሱ እብነ በረድ የሚቆርጡ ሰዎች ጋር ወስጄ ለሁለት አስቆርጥላችኋለሁ፣ ግማሽ ግማሽ ትወስዳላችሁ ብሎ ቃል ገባልን፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥም አስቀመጠው።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆርቆሮውን አውርደን፣ ጥለት ላይ ውሃ አፍስሰን ሲደርቅ ማየት ጨዋታችን ሆነ፤ የመጨረሻዋን ቀይ ማን አየ ነው ነገሩ። ግማሹንም ገና ሳይቆረጥ ተከፋፍለነው ነበር። እሷ የተቋረጠችዋን መስመር መረጠች፤ እንቅልፋሙ ሸማኔ የእኔ ነው አለች። እኔም ሙሉውን መስመር በማግኘቴ ያታለልኳት መስሎኝ ደስ አለኝ።

አንድ እሑድ ቆርቆሮውን ስንከፍተው ጥለት የለም። አኮይን ጠራሁት። መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እጁን አስገብቶ ሌሎቹን ድንጋዮች እያገላበጠ ፈለገ፣ ቆርቆሮውን ገልብጦ እንደገና ፈለገ፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቆ ኋላውን ሁሉ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ፣ ‹‹ጓለይ፣ ከእኛ ሌላ ይህን ቆርቆሮ የሚያውቅ ማን አለ?›› አለኝ። ማንንም አልከሰሰም፣ ስምም አልጠራም። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእኔና ከእሱ ሌላ የነበረችው ለታይ ብቻ ናት።

ለታይ አላለቀሰችም። አኮይን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ‹‹ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ውሰዱኝና ልማል›› አለች። አኮይ እጁን አነሣ። ‹‹ሕፃን አይማልም። እኔ ይቅር ብያታለሁ፣ አለቀ።›› እናቴ ከማድ ቤት ሆና ሰምታ የወንድሟን ደግነት አደነቀች፣ ለጎረቤትም አወራች፤ ወሬው ለታይ ቤት የደረሰው ከነይቅርታው ነው፣ ይቅር የተባለ ሰው ደግሞ አጥፍቷል ማለት ነው። እናቷ እኛ ግቢ እንዳትረግጥ ከለከለቻት፣ እሷም ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ተነሥታ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። እኔ ድንጋዬን እስክትመልስልኝ ላላናግራት አኩርፌ ጠበቅሁ። አኮይ ከመስኮቶቹ ሁሉ ውድ የሆነውን ድንጋይ ሰጥቶ አጽናናኝ፤ ደግ ሰው ነው አልኩ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ የደግነቱ ምሳሌ አድርጌ ለሰው ሳወራ ኖርኩ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ልጄ ፎቶዎቹን ከለቀቀች በኋላ አንድ ሽማግሌ ከባሕር ማዶ ጻፉልኝ። ከድንጋዮቹ አንድ ሳጥን እንደሚገዙ ገልጸው፣ ድሮም ከመቀሌ ድንጋይ ይልክላቸው የነበረ ጨዋ ሰው እንደነበረ፣ ድንጋዩ ሁልጊዜ ከፎቶው በልጦ እንደሚደርሳቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ግማሹ ተሰነጣጥቆ ደርሶ ቅሬታ እንዳሰሙት ነገሩኝ። በሚቀጥለው ሳጥን መሃል ላይ ግን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ምራቂ አገኙ። ሁለት ሴት ልጆቼ አግኝተውት ለእርስዎ የሰጡት ነው ብሏቸዋል አኮይ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሊቆርጡት እጃቸው አልታዘዘላቸውም፤ ልጆቹን የማውቃቸው ከሆነ እንዳመሰግንላቸው ለምነው ፎቶውን ላኩልኝ። ጫፉ የተሸረፈ፣ ነጭ ላይ ቀይ፣ አንዷ መስመር መሃል ላይ የተቋረጠች። እንቅልፋሙ ሸማኔ ነው።

ቢሸጠው ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቸግሮት ነው፣ ጫማ የገዛልኝ በእሱ ይሆናል ብዬ አለቅስለት ነበር። እሱ ግን ዋጋ እንኳ አላወጣለትም፤ እንደ አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል አደረገው፣ በፈረንጅ ፊት ስሙ እንዳይጎድፍ፣ ያውም በእኛ ስም። ይሁን፣ ድንጋይ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ እጁን ከትቶ ሲፈልግ የነበረው ግን ምንድን ነበር? ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ያላቀቀው ለማን ብሎ ነው? ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉንም በደረቁ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ለእኔ ለልጁ በእርጥቡ ነገረኝ፣ ጥፋቱን በሰው ልጅ ላይ አላክኮ፣ አልፎም ይቅር ብሎ። ጆንያውን በእርግጫ መታሁት፤ ጆንያው ምንም አልሆነም፣ የእግሬ ጣት አበጠ።

ማታውኑ ለሽማግሌው ከልጆቹ አንዷ እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። ሲነጋ እያነከስኩ ለታይ ሱቅ ገባሁና ካርቶን ሳልጠይቅ ስልኩን ፊቷ አስቀመጥኩት። ስኳር እየመዘነች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፎቶውን አየች፤ አልደነገጠችም። ስኳሩን ለደንበኛዋ ሰጥታ፣ ሰውየው እስኪወጣ ጠብቃ፣ የት አገር ደረሰ ታዲያ አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ጥለት ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ እናቷ የተዋሰችንን ወንፊት እንድትመልስ ወደ ቤታችን ልካት ነበር፤ አኮይ ጥለትን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን መሃል ላይ ሲያኖረው በር ላይ ቆማ አየች። ‹‹እሱም አየኝ›› አለች።

ያን ጊዜ ነው መሐላው የገባኝ። ሕፃን አይማልም ያለው አዝኖላት አልነበረም፤ ደጀ ሰላም ቆማ የምትናገረውን ፈርቶ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት፣ በእሷም ተናድጄ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት እያወቀች በዚያች ባንኮኒ ላይ ሆና ካርቶን ስታቀብለኝ መኖሯ አንገበገበኝ። ለታይ የስኳሩን ማንኪያ ጆንያው ውስጥ ሰካችው።

‹‹ሰናይት ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ አባት ነበረኝ›› አለች። ‹‹አንቺ እሱ ብቻ ነበር ያለሽ።››

ወንፊት የምትላላክ ልጅ ያንን አስባ የሌባ ስም ተሸክማ ከአጠገቤ ተነሣች፤ እሱ አዋቂው ሰው ዝም እንደምትል አውቆ ተጠቀመበት። ስምንተኛ ክፍል ስንጨርስ፣ እኔ ሳገባ፣ እሷ ስትወልድ፣ ዱቄት በኩባያ እየተለካ በምንበላበት በዚያ ጊዜ እንኳ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሆነን ነው ያሳለፍነው። ሽማግሌው መልሰውልኝ ነበር፤ ከፈለጋችሁ ለሁለት ቆርጬ እልክላችኋለሁ ብለዋል አልኳት። ይተውት፣ አይቁረጡት፣ አሁን ግማሽ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል አለች፣ ያለ ቁጣ። እሑድ ቤት ነይ፣ ጆንያዎቹን አብረን እንያቸው ብዬ ለመንኳት። ሕራይ አለች። ሕራይ እሺ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሚመጣ ሰው እሺ አለ፣ የማይመጣ ሰውም እሺ አለ። እሑድ ሳፋው ውስጥ ውሃ ሞልቼ እስከ ምሳ ሰዓት በሩን ስመለከት ቆየሁ፣ ከዚያ ውሃውን አትክልቱ ላይ ደፋሁት።

ሰኞ የሽማግሌውን ሳጥን ማሸግ ነበረብኝ። ዋጋውን በደረቁ ነው ያወጣሁት፣ እሱ ያስተማረኝን አልክድም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ጠቀለልኩ፣ ከባዱን ከታች ቀላሉን ከላይ ደረደርኩ፣ ከለታይ ሱቅ ያመጣሁትን ካርቶን ልዘጋ ስል እጄ በልማዱ ወደ እንቁላሎቹ ክምር ሄደና አንድ ድንጋይ አነሣ። መለስኩት። ካርቶኑን ያለ ምራቂ አሸግሁት። አኮይ ቢያይ ያፍርብኝ ነበር።

ይፈር።